ሠላሳኛው ዕቃ

ለከተማው ነዋሪ በሙሉ እንዲታወቅ። አንድ ባለሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ፣ አንደኛው እግሩ በጥቁር ፕላስተር የታሰረ፣ ሌላኛው እግሩ ደስ ሲለው ብቻ የሚቆም፣ ዕድሜ ልኩን ከኖረበት ቤት ሳይሰናበት ጠፍቷል። ያየ፣ የሰማ ወይም የተደናቀፈበት ሰው በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ጣቢያ እንዲያመለክት በጥብቅ እናሳስባለን።

ማስታወቂያውን ያረቀቀችው ሳጅኗ ናት። ኢንስፔክተሩ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ አነበበውና መነጽሩን አወለቀ።

«‹ደስ ሲለው ብቻ› የሚለውን ከየት አመጣሽው?»

«ከአመልካቿ ቃል ነው፣ ጌታዬ። የጠፋው አንድ ክፍል ሙሉ ዕቃ ነው፤ ካሜራ፣ ሌንስ፣ መብራት። እሳቸው ግን ሁሉንም ‹ኮተት› ነው የሚሉት። ለይተው የሚያውቁት ማቆሚያውን ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ ያደናቅፋቸዋል።»

«ለሕዝብ ከመበተንሽ በፊት እስቲ ቤቱን እንየው።»

አመልካቿ በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። እህታቸው ዘንድ ሰንብተው በጠዋት ነው የተመለሱት፤ ሻንጣቸው ገና ኮሪደሩ ላይ ነበር። ወደ ጓሮ የሚያየውን ክፍል በር ገፋ አድርገው ከፈቱና ገለል አሉ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹ይሄን ኮተት አውጣልኝ› ብዬ ለመንኩት። አላወጣም። ይኸው ሌባ መጥቶ አወጣልኝ» አሉና ድንገት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ኢንስፔክተሩ በሥራ ዘመኑ ሰው ለወርቅ ሲያለቅስ አይቷል። ለጠላው ኮተት የሚያለቅስ ሰው ሲያይ ግን የመጀመሪያው ነው።

ክፍሉ ባዶ ነበር። መደርደሪያው ላይ አቧራው የየዕቃውን መቀመጫ ክብና አራት ማዕዘን አድርጎ አስቀርቶታል። የበሩ ቁልፍ አልተሰበረም። መስኮቱ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ ከብረት ፍርግርጉ አንዱ ዘንግ ጎበጥ ቢልም አቧራው እንዳለ ነው፣ ማንም አልነካውም። ወለሉ ተጠርጓል።

«የጨዋ ልጅ ነው ሌባው» አለች ሳጅኗ። «ጠርጎ ነው የሄደው።»

ባልየው ሳሎን ውስጥ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰው ቤት በእንግድነት የመጡ ይመስላሉ። ከተማው የሚያውቃቸው «አገጭ ቀና» በሚል ስም ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መታወቂያ ቢሮ ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ከፊታቸው ለተቀመጠ ሁሉ «አገጭ ቀና፣ እንዳትስቅ፣ እንዳትተነፍስ» ይሉና ቀጭ ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ያ ሰው እስከ ዕድሜው ማብቂያ የሚፈለግ ወንጀለኛ መስሎ ይኖራል። የኢንስፔክተሩ መታወቂያም ከዚያው እጅ ነው የወጣው። አንድ ጊዜ ኬላ ላይ ሲያሳይ የገዛ ባልደረቦቹ ከመኪና አስወርደውት ያውቃሉ።

«ጋሼ፣ ዕቃው መቼ ነው የተወሰደው?»

«በዚህ ሳምንት።»

«ከቤት ወጥተው ነበር?»

«አልወጣሁም። ወገቤን ያመኛል።»

«ታዲያ ማን ወሰደው ይላሉ?»

«ሰው።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ካሜራ የሚፈልግ ሰው።»

ሳጅኗ እስክሪብቶዋን አንስታ ወደ አለቃዋ ተመለከተች። ከዚህ ምን ልጻፍ የሚል አስተያየት ነበር።

«የክፍሉ ቁልፍ ስንት ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ ወደ ሴትየዋ ዞሮ።

«ሁለት። አንዱ የእሱ ነው። አንዱ አማቻችን ጋ ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ የሚደፍንልን እሱ ነው።» ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «እሱ ግን የት አባቱ… ማለቴ፣ ልጄን ያገባ ነው። የባንክ ገንዘብ ያዥ ነው።»

አገጭ ቀና ሳሉ። ረጅም፣ ምንም አክታ የሌለበት ሳል ነበር።

*

ቂመኛ ፍለጋ ተጀመረ፤ ወዲያውም በቂመኛ ብዛት ተጨናነቀ። በዚያ ከተማ አገጭ ቀናን የማይቀየማቸው መታወቂያ ያላወጣ ሰው ብቻ ነው። ኢንስፔክተሩ ድምፁ ከሁሉ ከፍ ብሎ ከሚሰማው ጀመረ፤ ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ፀጉር አስተካካይ።

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ሳያስቀምጥ መታወቂያውን ከኪሱ መዘዘ።

«እስቲ ፍረድ። ይሄ እኔ ነኝ?»

ኢንስፔክተሩ አየ። ፎቶው ላይ ያለው ሰው አንድ ቤተሰብ ጨርሶ ሁለተኛውን የሚያስብ ይመስላል።

«ትመስላለህ» አለ በጥንቃቄ።

«ባንክ ስሄድ ‹ባለቤቱ ይምጣ› ነው የሚሉኝ። እኔ ነኝ ስል ‹ታናሽ ወንድሙ ነህ?› አሉኝ። እዚህ ቤት የምላጨው ሰው ሁሉ ይመሰክራል፤ ያን ሰውዬ በየቀኑ እረግመዋለሁ።»

«እርግማን ወንጀል አይደለም። በዚህ ሳምንት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ጭንቅላት ይዤ።» ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ራሱን ነቀነቀ። ፀጉር አስተካካዩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባልናገር ይሻለኝ ነበር። ነገር ግን አማቻቸው ካርቶን እየተሸከመ ሲወጣ አይቼዋለሁ። በጠራራ ፀሐይ። ደግሞ እያፏጨ። ‹ሰላም ዋልክ› አለኝ፤ እኔም ‹አይክበድህ› አልኩት።»

«አልተደበቀም?»

«ኧረ በሩን በእግሬ እንድይዝለት ነው የጠየቀኝ።»

*

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተንደረደረ። ጣቢያ ሲደርሱ ሳጅኗ ስልኳ ላይ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበትን ድረ ገጽ ከፈተች።

«እዚያ ግርጌ ላይ ‹ካሜራና መሣሪያ› የሚለውን ንኪው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ከዚያ በቦታ አጣሪ። ከዚያ ‹የቅርብ ጊዜ› በይው።»

ሳጅኗ ቀና ብላ አየችው። እሱ ጣሪያውን አየ።

ገጹ ላይ ባለሦስት እግር ማቆሚያው ብቅ አለ። አንዱ እግሩ በጥቁር ፕላስተር ታስሯል። ከስሩ ካሜራው፣ ሌንሱ፣ መብራቱ ተሰልፏል። ሻጭ ተብሎ የተጻፈው የአማችየው ስም ነው፤ ከነፎቶው፣ ከነስልክ ቁጥሩ። የአማችየው ቤት ሲፈተሽ ያልተሸጠው ዕቃ ሳሎን ውስጥ ተገኘ፤ ሶፋው ላይ በፎጣ ተጠቅልሎ።

አማችየው ከባንኩ መስኮት ላይ ተነስቶ መጣ። ረጋ ያለ፣ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ እስከ ላይ የሚቆልፍ ጎልማሳ ነው።

«ሻጩ አንተ ነህ?»

«ስሜ እኮ ተጽፏል።»

«ዕቃውን ከየት አገኘኸው?»

«ከነበረበት።»

«ሰርቀህ ነው?»

«አልሰረቅኩም።»

«ታዲያ ሰጥተውህ ነው?»

አማችየው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማኅተም እያየ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው፤ ሆኖም አበው ይህን ያሉት የምርመራ ክፍል ሳይሠራ ነው። ኢንስፔክተሩ ጠበቀ፣ ሳለ፣ ሻይ አስመጣ። ሰውየው ሻዩን አመስግኖ ጠጣ፤ ቃል ግን አልወጣውም። ወደ ማቆያው ሊያስገቡት ሲያስነሱት ብቻ ወደ ኋላ ዞረ።

«አባባ ቤት ይቀመጡ በሉልኝ። ወገባቸውን ያማቸዋል።»

የጣቢያው አዛዥ መዝገቡ እንዲዘጋ ቸኩሎ ነበር። «ሌባው ተገኝቷል፣ ዕቃው ተገኝቷል፣ ምን ትጠብቃለህ? ከሰዓት በኋላ ለዐቃቤ ሕግ ይሂድ። ባንኩም ደውሏል። በስርቆት የተከሰሰ ገንዘብ ያዥ ተመልሶ የሚቀመጥበት መስኮት የለም ብለዋል።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ክፍሉ ተመለሰና በሩን ዘጋ። የሰውየው ዕድሜ ልክ እንጀራ ከምሳ በኋላ ሊቆረጥ ነው። ሁሉ ነገር ገጥሟል፤ ቁልፉ፣ ምስክሩ፣ ሶፋው። እንዲህ ልክክ ብሎ የገጠመ ነገር ደግሞ ያጠራጥረዋል። ሌባ የሰረቀውን ሲሸጥ ‹ደምሴ መኪና› ወይ ‹የሰፈር ልጅ› የሚል የሐሰት ስም ይሰጣል እንጂ ከነአያት ስሙ አይለጥፍም። በሩን ያዝልኝ ብሎም አይለምንም።

«ፎቶዎቹን እንደገና አሳዪኝ» አላት ሳጅኗን።

አየ። ካሜራው ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሌንሱም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማቆሚያው ሳይቀር ሦስቱንም እግሮቹን ሰብስቦ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ወደ ፊት ያፈጣል። ከኋላ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ጨርቅ አለ። ብርሃኑ ከግራ በኩል ከላይ ይወርድና ከስር ጥቁር ጥላ ይጥላል።

«ጌታዬ፣ ይሄ ካሜራ ጥፋተኛ አይመስልም?» አለች ሳጅኗ።

«ሁሉም ጥፋተኛ ይመስላሉ።»

ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ የኪስ ቦርሳውን አወጣ። የራሱን መታወቂያ ከስልኩ አጠገብ አስቀመጠ። ያው ሰማያዊ። ያው ከግራ የሚወርድ ብርሃን። ያው ከአገጭ ስር የተቀመጠ ጥላ። ሳጅኗም የሷን መዘዘች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፖሊሶችና አንድ ባለሦስት እግር ማቆሚያ ጎን ለጎን ተደርድረው የአንድ ሽፍታ ቡድን አባላት መሰሉ።

«አመል ያወጣል ከመሐል» አለ ኢንስፔክተሩ። «ዕቃውን ያነሱት እሳቸው ናቸው።»

«ጨርቁን አማችየው አብሮ ሰርቆት ቢሆንስ? ኮርጆም ሊሆን ይችላል።»

«ጨርቁ ላይ ያለውን ጥላ እዪው።»

ሳጅኗ በጣቶቿ አሰፋችው። ሰማያዊው ላይ የፍርግርግ ጥላ በስሱ ወድቋል፤ አንዱ ዘንግ ጎበጥ ብሏል።

«የጓሮው ክፍል» አለች።

«ያ መስኮት ፀሐይ የሚያገኘው በጠዋት ብቻ ነው። አማችየው በጠዋት ባንክ መስኮት ላይ ነው፤ ደንበኛ ሁሉ ያየዋል። ሰውዬው ግን ምን አሉን? ‹ከቤት አልወጣሁም።›» ኢንስፔክተሩ ኮቱን አነሳ። «እኔ ደግሞ ይሄን ከጥርጣሬ የሚያወጣቸው ቃል አድርጌ ጻፍኩላቸው።»

*

አገጭ ቀና መኝታ ቤታቸው ነበሩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ሊወጡ ነው፣ ጋሼ?»

«ወደ እናንተ ዘንድ ልመጣ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እየመጣሁ ነው።» ባርኔጣውን አዞሩት። «ልጁን አስራችሁታል?»

«አስረነዋል።»

«እንግዲያው እኔን እሰሩኝ።» ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ዕቃው የራሴ ነው፣ ሻጩም እኔ ነኝ። ጡረታዬን ውሰዱት። እሷን ግን ከቤቱ አታስወጡብኝ።»

ኢንስፔክተሩ አጠገባቸው አልጋው ላይ ተቀመጠ። «ጡረታዎን ማን ፈለገው?»

አገጭ ቀና ስልካቸውን ሰጡት። ከድረ ገጹ የመጣ መልእክት ተከፍቶ ተቀምጧል፦ ውድ ደንበኛችን፣ በዓመት ሠላሳ ዕቃና ከዚያ በላይ የሸጠ ሰው ስሙና የሽያጩ ዝርዝር በደንቡ መሠረት ለገቢዎች ቢሮ ይላካል፤ እርስዎ ሠላሳኛው ላይ ሊደርሱ አንድ ይቀርዎታል፤ እባክዎ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎን ያስገቡ።

ኢንስፔክተሩ መልእክቱን ሲያይ፣ የራሱ ስልክ ኪሱ ውስጥ የከበደው መሰለው።

«አንድ የድሮ የቢሮ ጓደኛዬን ጠየቅሁ» አሉ አገጭ ቀና። «‹አለቀልህ› አለኝ። ‹ስምህ ከተላከ ነጋዴ ተብለሃል፤ ነጋዴ ደግሞ ጡረታ አይበላም። የበላኸውንም ያስተፉሃል።› እዚያው አቆምኩ። ሠላሳኛው ማቆሚያው ነበር። ልጁን ባማክረው ‹በእኔ ስም ይሸጥ፣ አባባ› አለኝ። ገዢዎች ዕቃ የሚወስዱትም ከእሱ ቤት ሆነ። ሌላ ምንም አላጠፋም።»

«ባለቤትዎ ፖሊስ ሲጠሩ ለምን አልተናገሩም?»

«ጫማዬን እስካደርግ ሳጅኗ ደርሳለች። ከዚያ መንግሥት ፊት ቆሜ ‹ከመንግሥት እየተደበቅሁ ነበር› ልበል? ሌባው አይገኝም፣ ነገሩም ይረሳል ብዬ ነበር። እንደምታገኙት አላሰብኩም።» ትንሽ አሰቡ። «ከአንተ መቼም አልጠበቅሁም። ፎቶ ስትነሳ ትዝ ትለኛለህ፤ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ይህችን ዋጣት። «መሸጡስ ለምን በድብቅ ሆነ? ‹አውጣልኝ› ብለው የለመኑዎት እሳቸው አይደሉ?»

«ሠላሳ ዓመት ‹አይሆንም› ያልኳትን ሴት በምን አፌ ‹እሺ› እላታለሁ? ክፍሉን ባዶ አድርጌ፣ ቀለም ቀብቼ፣ የልብስ ስፌት መኪናዋን አስገብቼ ልጠብቃት ነበር። ሳልነግራት። ቀድማ መጣችብኝ።»

በሩ ላይ ኮሽታ ተሰማ። ሴትየዋ ቆመው ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አይታወቅም። ባላቸውን ከባርኔጣ እስከ ጫማ አዩአቸው።

«ምን ዓይነት ቀለም?» አሉ።

«አረንጓዴ።»

«አረንጓዴ አልወድም» አሉና ኮታቸውን ሊያመጡ ሄዱ።

*

አራቱም በቀጥታ የሄዱባት የገቢዎች ቢሮ ባለሙያ ሁሉን ሰምታ እስክትጨርስ ፊቷ አልተለወጠም። ጠረጴዛዋ ላይ የተክል ማሰሮና ያልተነካ ዳቦ ነበር። አገጭ ቀና እጃቸውን እንደዘረጉ ነው የተቀመጡት።

«እጅዎን ያሳርፉ፣ አባት። ካሜራዎቹን የገዙት ለሥራ ነው?»

«የሥራው ካሜራ የመሥሪያ ቤቱ ነበር። እነዚህ የራሴ ናቸው፤ በደመወዜ።»

«አትርፈው ለመሸጥ ነው የገዟቸው?»

«ለማትረፍ ቢሆን ይህን ያህል ውድ አልገዛም ነበር።»

«ከገዙበት ዋጋ በላይ የሸጡት አለ?»

አገጭ ቀና ተከፉ። «ልጄ፣ ግማሹን እንኳ አላገኘሁም።»

«እንግዲያው ከስረዋል» አለች ባለሙያዋ። «መንግሥት ከኪሳራ ላይ ድርሻ አይወስድም። ለጊዜው።»

«ስሜ ቢላክስ?»

«ይላካ። ስምዎ መላኩ ሌላ፣ ግብር መክፈል ሌላ ነው። ደንቡ የወጣው ሱቅ ሳይከፍት እንደ ባለ ሱቅ የሚነግደውን ለማየት ነው። እኛ ስንጠይቅዎ ‹የራሴ አሮጌ ዕቃ ነው፣ ከገዛሁበት ባነሰ ሸጥኩት› ይላሉ፤ ደረሰኝ ካለዎት ያሳያሉ፤ አበቃ። ሠላሳም ቢሸጡ ሠላሳ አንድም ያው ነው።»

«ጡረታዬስ?»

«ጡረታዎን ማንም አይነካውም። ያ ጓደኛዎ የት ክፍል ነበር የሚሠራው?»

«መረጃ ክፍል።»

ባለሙያዋ ዓይኗን ለአፍታ ጨፈነች። «ጥያቄ የሚያስነሳው በሰው ስም መሸጡ ነው። ቀሪውን ወደ ራስዎ ስም ይመልሱት፤ ቁጥርዎን ያስገቡ፤ ልጁንም ነፃ ያውጡት።»

አገጭ ቀና ወንበሩ ላይ ቀስ ብለው ተንሸራተቱ። ካፖርታቸውን ፈቱ። ከጠዋት ጀምሮ ይዘውት የነበረውን አየር በአንዴ ሲተነፍሱት የተክሉ ቅጠል ተንቀሳቀሰ። ሴትየዋ የባላቸውን ባርኔጣ ተቀበሏቸው።

ኢንስፔክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል… አንድ ጓደኛ አለኝ። የማይሠራበት የስፖርት ብስክሌት፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች፣ ሁለት ጊታር፣ እንዲህ እንዲህ ያለ የቤት ዕቃ ሸጠና ይሄው መልእክት መጣበት። ለሚስቱ እንኳ አልነገራት።»

«ከገዛበት ባነሰ ሸጦት ነው?»

«ኧረ በጣም ባነሰ።»

«እንግዲያው ጓደኛህ ቁጥሩን ያስገባና ተኝቶ ይደር።» ዳቦዋን አነሳች። «ጓደኛህ ዩኒፎርም ይለብሳል?»

ሳጅኗ በድንገት በመስኮት ወደ ውጪ ማየት አስፈለጋት። ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

*

አዛዡ መዝገቡን አገላብጦ አየና «ወንጀልስ?» አለ።

«የለም፣ ጌታዬ። ባለቤቱ የራሱን ዕቃ ሸጠ፤ ሚስቱ በቅን ልቦና የጠፋ መስሏት አመለከተች።»

«ባንኩን ምን እንበለው?»

«ደውዬላቸዋለሁ። ‹መስኮቱ ይጠብቀዋል› ብለዋል። ይቅርታም ጠይቀዋል፤ እሱን ግን ቀስ ብለው ነው ያሉት።»

አማችየው ከማቆያው ሲወጣ የአንገት ቁልፉ እንደተቆለፈ ነበር። ሴትየዋ ቀድመው ደረሱ። ክንዱን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩትና ፊቱን መረመሩ፤ ጉድለት የፈለጉ ይመስላሉ። ላለፉት ዓመታት በዚህ ልጅ ላይ ጉድለት ፍለጋ አልሰነፉም።

«ስምህን የጠራሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ቁልፍ አለው ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ፣ እማማ።»

«አንድ ቃል ብትናገር ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ትወጣ ነበር። ሥራህ ሊሄድ ነበር። ለምን ዝም አልክ?»

«አልናገርም።»

አገጭ ቀና ወደ ፊት ጠጋ አሉ። ዓይናቸው ረጥቧል፤ ድምፃቸውን ግን እንደ ቢሮ ሰው አድርገውታል። «ለእኔ ጡረታ ብለህ ነው፤ አይደለም?»

«አልናገርም፣ አባባ።»

«ወይስ እኔን ፈርተህ ነው?» አሉ ሴትየዋ። «ልጄን ፈርተህ ነው? እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም እኮ። በል ለእኛ ካልሆነ ለኢንስፔክተሩ ንገረው።»

ኢንስፔክተሩ መዝገቡን ከፍቶ እስክሪብቶውን አዘጋጀ። የዝምታው ምክንያት የሚጻፍበት መስመር አንድ ብቻ ቀርቷል፤ እውነቱን ለመናገር እሱም ለማወቅ ጓጉቷል።

«እሺ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?»

አማችየው መስመሩን አየ። ሴትየዋን አየ፣ ሴትየዋም እሱን አዩት። ከዚያ የተመለሰውን የካሜራ ማቆሚያ ከሳጅኗ ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረገ።

«አልናገርም» አለ። «እንደዚያው ብለው ይጻፉት።»